ሸሪፋ ያልጎበኘችው ሰው

ሸሪፋ ከሞተች ወዲህ ለሁሉም በሕልም መጥታለች፤ ለባሏ ለረጀብ ብቻ አልመጣችም። ለእህቷ ለሀዲጃ ጨፋ ሮቢት ድረስ ሄዳ ታይታለች። ጅዳ ሰው ቤት ለምትሠራው ለልጇ ለኡሚ፣ ቪዛ የጠየቃት ሳይኖር ባሕር ተሻግራ ሁለቴ መጥታላታለች። በሕይወት ሳለች ከእሷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ያልነበራት አንዲት የከሚሴ ዱቄት ነጋዴ እንኳ "መጣችና ቀሚስሽ ጠቦሻል፣ አምጪው ላስፋልሽ አለችኝ" ብላ ለገበያው ሁሉ አዳርሳለች። ረጀብ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ታጥቦ ዉዱእ አድርጎ፣ ዱዓውን አድርሶ፣ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ሲነጋ ባዶውን ይነሳል። አልፎ አልፎ ሕልም ቢያይ እንኳ የማያውቀው ሰው የማያውቀውን በሬ ሲነዳ ነው።

ሌላ አገር ቢሆን ይህ ተራ ነገር በሆነ። ከሚሴ ላይ ግን ሙት በሕልም ከመጣ ጉዳይ አለው። ዱዓ የሚፈልግ ይመጣል፣ ድሃ እንዲበላለት ሰደቃ የሚፈልግ ይመጣል፣ እንዲሁ የናፈቀም ይመጣል። የማይመጣው ያኮረፈ ነው። ሰዉ ይህን ፊት ለፊት አይናገርም፤ "እስካሁን አላየሃትም? ኢንሻአላህ ታያታለህ" ይልና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። የቀረውን ረጀብ ራሱ ይሞላዋል።

ማኩረፏንማ ያውቃል። የኩርፊያው መነሻ ፍየል ናት፤ ሲያወሩት ያስቃል፣ ለዚህም ነው ለማንም አውርቶት የማያውቀው። ሸሪፋ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን በረንዳው ላይ ዘርግታ ስትረግጥ ትውላለች። እናቷ የሞተችባትን አንዲት ግልገል በጡጦ አሳድጋ ነበርና፣ ፍየሏም ካደገች በኋላ ከመኪናው ሥር ተኝታ የጨርቅ ቅዳጅ ስታኝክ ትውላለች። አንድ ቀን ሸሪፋ ለለቅሶ ባቲ ሄዳ ሳለ ረጀብን እንግዶች መጡበት። ቤት ውስጥ የሚታረድ ሌላ ነገር አልነበረም፤ አረዳት። ሸሪፋ ስትመለስ ድስቱን ከፈተች፣ አየች፣ መልሳ ከደነችው። ዘጠኝ ቀን አንድ ቃል አልወጣትም።

እሱም ለፍየል ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው ብሎ ዘጋት። ወንድነቱን እንዲህ አድርጎ ጠበቀ እንግዲህ። በዘጠነኛው ቀን የሸሚዙን የወለቀች ቁልፍ ተክላ፣ ሸሚዙን አጥፋ አልጋው ላይ አስቀምጣለት አገኘ። ሆዱ ባባ። ነገ አናግራታለሁ አለ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሸሪፋ "ራሴን" ብላ መኪናዋ ላይ ተደፋች፤ የቀትሩ የዙህር ሶላት ሳይሰገድ አለፈች። የዚያችን ቁልፍ ነገር እስከ ዛሬ ሊፈታው አልቻለም። እርቅ ነበረች? ወይስ ልብስ ሰፊ ሆና የወለቀ ቁልፍ አይታ ማለፍ ስለማትችል ነው? አንዱን ቀን እንዲህ፣ አንዱን ቀን እንዲያ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የቀብሯ ቀን ነው። ኢማሙ ጀናዛዋ ፊት ቆመው እንደ ወጉ ወደ ሰዉ ዞሩና "ይቺን ሴት አውፍ በሏት" አሉ፤ ያስቀየመችው ካለ ይቅር ይበላት ማለት ነው። ሰዉ በአንድ ድምፅ "አውፍ ብለናል" አለ። ረጀብም አለ። ካለ በኋላ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ። እሱ እሷን አውፍ ብሏታል፤ እሱን አውፍ የሚለው ማን ነው? ወደ ጀናዛው ዞሮ "አንቺስ?" ብሎ የሚጠይቅ ኢማም የለም።

ይባስ ብሎ በአርባኛው ቀን ሰደቃ ላይ ሀዲጃ ሰው በተሰበሰበበት ብድግ አለች። "ሸሪፋ በሕልሜ መጣች። ረጀብ መቃብሬ ላይ እንዳይቆም በይው ብላኛለች" አለች። ሙት የላከው መልእክት አይከራከሩትም። ረጀብ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መቃብሯን አልረገጠም። ወንዶች በየኢዱ፣ በየጁምዓው መቃብር ሊጎበኙ ለዚያራ ሲሄዱ እሱ እግሬን አመመኝ ይላል። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድም ትቶ በቦርከና ወንዝ በኩል ዞሮ ይሄዳል።

ዘንድሮ ዶክተር ሳሚያ የእንቅልፍ ጥናት ልታካሂድ ከሚሴ መጥታ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ስትከራይ ረጀብ በዘበኝነት ተቀጠረ። ሳሚያ የባቲ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ስትናገር ረጋ ያለች፣ ስትበላ ግን የምትጣደፍ። የምታጠናው ቅዠት ነው። ክፉዎቹ የጦርነት ዓመታት ካለፉ በኋላ ስንቱ ሰው በእንቅልፉ ሲሮጥ ያድራል። እሷ እነዚህን ሰዎች ተቀብላ ቅዠታቸውን ታስነግራቸውና መጨረሻውን ለውጡት ትላቸዋለች። የሚያሳድድህ ሰው ሲደርስብህ ምን ቢሆን ደስ ይልሃል? ሰውየው አዲሱን መጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ በየቀኑ ይለማመዳል፤ ሲለማመድም ራሱ የመረጠው አንድ ድምፅ ይሰማል፦ ደወል፣ የወፍ ዜማ፣ የፈለገውን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጀብ በመስኮት በኩል ጆሮውን ጥሎ ተምሮታል። ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ተነስቶ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መልሶ ሲተኛ እንቅልፉ ሕልም ይበዛበታል። ግንባሩ ላይ የምትታሰር ቀጭን መቀነት አለች፤ የዓይኑን እንቅስቃሴ ትጠብቃለች። ዓይኑ ከቆቡ ሥር መንከራተት ሲጀምር ሕልም ገብቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ያ የለመደው ድምፅ በስሱ ይለቀቅለታል፣ በማይቀሰቅሰው ልክ። ድምፁ አዲሱን መጨረሻ እጁን ይዞ ወደ ሕልሙ ያስገባዋል። ሁሉም ላይ አይሠራም፤ ዶክተሯ ራሷ ከሁለት ሰው አንዱ ላይ ከሠራ አልሐምዱሊላህ ነው ትላለች። ኑርሁሴን የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ግን፣ መኪናው ውስጥ ሲቃጠል እያየ የሚያድር ሰው፣ በሦስተኛው ሳምንት እየሳቀ ወጣ። "ጋቢናውን ከፍቼ ወረድኩ እኮ! ወርጄ ቤቴ ገባሁ!" እያለ ረጀብን በሩ ላይ አቀፈው። ረጀብን ሰው ካቀፈው ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

በዚያው ቀን ገባና ጠየቃት።

"ዶክተር፣ ቅዠት ማስወጣት ከቻልሽ ሕልም ማስገባት አያቅትሽም።"

"ምን ዓይነት ሕልም፣ ጋሽ ረጀብ?"

"ሚስቴን።"

ሳሚያ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች። ነገሩን ሁሉ፣ ፍየሏንም ጭምር፣ ነገራት። አልሳቀችም። ባትስቅም መልሷ ግን አልጣመውም።

"እኔም የባቲ ልጅ ነኝ" አለችው። "ሙት በሕልም ሲመጣ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማላደርገው። ኑርሁሴን መኪናው እንደተቃጠለ ያውቃል፤ ሕልሙ ያንን አልቀየረበትም፣ እንቅልፉን ነው የመለሰለት። እርስዎ ግን ሸሪፋ መጣች ብለው ነው የሚነሱት። የምትናገረው ደግሞ እርስዎ ያስጠኗትን ነው። እኔ በሞተ ሰው አፍ መናገር አልችልም። ይህን ጥናት የፈቀደው ኮሚቴም ቢሰማ ነገ ቤቱን ያዘጋዋል።"

ረጀብ እሺ ብሎ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲገባ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍና ቆማለች። ሬዲዮ ከፈተ፤ የሚያዳምጠው ነገር ኖሮት ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። ራቱን ሲበላ አንድ ጊዜ "ጨው አንሶታል" ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ። ሆድ የሚያስብሰው ይሄ ይሄ ነው፤ የሠራውም እሱ፣ የሚያማርረውም እሱ።

ከአንድ ወር በኋላ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተመለሰ። ጥናቱ ከረመዳን በፊት መዘጋት ነበረበት፤ ሁለት ሰው ደግሞ ጎድሏል። ረጀብ ይህን ያውቃል፣ ጥያቄዎቹንም ከነመልሶቻቸው ያውቃቸዋል። "ቅዠት ያዘኝ" አለ። "ሸሪፋ ጀርባዋን ሰጥታኝ መኪናዋን ትረግጣለች። እጠራታለሁ፣ አትዞርም። በሳምንት አራቴ። ላብ በላብ ሆኜ እነሳለሁ።"

ሳሚያ ለረጅም ጊዜ አየችው። "እውነት ነው?"

ወላሂ ሊል ፈለገ፣ ምላሱ እምቢ አለው። "ጻፊው" አለ ብቻ።

ጻፈችው። ሳታምነው እንደጻፈችው ረጀብ ያውቃል፤ እሷም እሱ ማወቁን ታውቃለች። የደከማት ሰው ነበረች፣ አለቆቿ በየቀኑ ይደውሉባታል፣ ሰው ነች። 

ድምፁን የመረጠው እሱ ነው። ገበያ ውስጥ ከሚሰፋው ከዘይኑ ዘንድ ሄዶ የመኪናውን ድምፅ በስልኩ ቀዳ። አሥር ቀን ጠዋትና ማታ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን እየሰማ ተለማመደ፦ ሸሪፋ ትረግጣለች፣ ይጠራታል፣ እግሯን ታቆማለች፣ ትዞራለች፣ "አውፍ ብዬሃለሁ" ትላለች። ትዞራለች፣ "አውፍ ብዬሃለሁ" ትላለች። በአራተኛው ቀን ፊቷን በልቡ ጥርት አድርጎ ማየት እንደማይችል ሲያውቅ ደነገጠ፤ የመታወቂያ ፎቶዋን አውጥቶ እንደ ተማሪ አጠናት።

የተኛው ማክሰኞ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ በረንዳ ሆነ። ፀሐዩ የጨፋ ፀሐይ ነው፣ ድምፁ የእግሯ ድምፅ ነው። "ሸሪፋ" አለ። እግሯ ቆመ። ዞረች፤ አፏ ላይ በጥርሷ የያዘችው ክር አለ፣ ሰማያዊ ክር፤ ክሩን እንደያዘች ከንፈሯን በአንድ በኩል ከፍታ፣ ስትሰፋ ሰው ሲያናግራት እንደምታደርገው፣ "አውፍ ብዬሃለሁ" አለችው። ሲነቃ ትራሱ ርሷል። ሳሚያ አጠገቡ ቆማለች።

"መጣች" አላት።

"እንደተለማመዱት ነው?"

"እንደተለማመድኩት ነው። ክሩ ግን! ክር በጥርሷ ይዛ ነበር፣ ሰማያዊ። ክሩን እኔ አልተለማመድኩትም። ክሩን ማን አስገባው?"

"የሠላሳ ዓመት ትዝታዎ።"

"ወይም እሷ።"

ሳሚያ መቀነቱን ከግንባሩ ላይ በቀስታ ፈታች። "ይህን እኔ ልመልስልዎ አልችልም፤ ከእንግዲህ እርስዎም አይችሉም፣ ጋሽ ረጀብ። የፈራሁት ይሄንን ነበር። አደራዎን ይህን ሕልም እንደ መልእክት አድርገው ለሰው እንዳይነግሩ።"

እሺ አላት። እሺ ሲል ከልቡ ነበር፤ ግን ደስታው እንዴት ያስቀምጠው! ጥሩ ሕልም ደግሞ ለሚወድህ ሰው እንጂ ለማንም አይነገርም። በሩ ላይ ተቀምጦ የሚወደውን ሰው ፈለገ። ኡሚ የምትደውለው ጁምዓ ነው፣ ገና ማክሰኞ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ማን አለ? አሰበ፣ አሰበ፤ አንድም ሰው አልመጣለትም። በመጨረሻ እሱን ባትወደውም ሸሪፋን የምትወዳት አለች አለና፣ ፈቃድ ጠይቆ ጨፋ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣ።

ሀዲጃ የሸሪፋ ታናሽ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን የምትኖር፣ በገበያ ቀን ጨውና ቅመም የምትሸጥ፣ ምላሷ ከምትሸጠው በርበሬ የማያንስ ሴት። ከአርባው ሰደቃ ወዲህ በለቅሶ ቤት ካልሆነ አይገናኙም። በሯ ላይ ሲደርስ ደጃፏን ትጠርግ ነበር። ስታየው መጥረጊያዋ ከእጇ ወደቀ።

"ማል ታቴ? ምን ሆንክ? ኡሚ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሁሉም ደህና ነው።"

"ገለታ ረቢ። ኮቱ፣ ታኢ" ብላ በኦሮምኛ ግባ፣ ተቀመጥ አለችው፤ የመጣ እንግዳ ነውና ደጅ አታስቆመውም። መደቡ ላይ ተቀመጠ። እሷ አልተቀመጠችም።

"ሸሪፋን አየኋት" አለ።

ሰው ሕልም ልናገር ሲል ሰሚው "ኸይር ይሁን" ይላል፤ ሀዲጃ ግን አላለችም። በረንዳውን፣ መኪናውን፣ ክሩን፣ ቃሉን ነገራት። ስለ መቀነቱና ስለ ስልኩ ድምፅ አልተናገረም። ሊናገር አስቦ ነበር፤ ግን ክሩ ጋ ሲደርስ የሀዲጃ ፊት ተለወጠ፣ እሱም ቀጠለ።

"ክር በጥርሷ" አለች ሀዲጃ ቀስ ብላ። "በልጅነቷም እንዲህ ነበረች። እናታችን ትውጪዋለሽ እያለች ትጮህባት ነበር።" ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠችና የሻሽዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። "ሸሪፋዬ! ሸሪፋዬ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ መጣሽ!"

"ላንቺማ ስንቴ መጥታለች" አላት ረጀብ።

"እኔማ መቼ አይቻት አውቃለሁ" አለች፣ እያለቀሰች።

ከዚያ ልቅሶዋ ቀጥ አለ። የተናገረችውን ሰማችው። ረጀብም ሰማው።

"ምን አልሽ?"

ሀዲጃ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። "አላየኋትም" አለች። "ወላሂ አንድ ቀን አላየኋትም። ሦስት ዓመት ሙሉ። ዘጠኝ ቀን እንደተኳረፋችሁ ነግራኝ ነበር፤ ባቲ ለቅሶ የሄድነው አብረን ነው እኮ፣ ከተመለስን በኋላ ስልክ ደውላ ስለ ፍየሏ አልቅሳለች። ለአንተ ሳታለቅስ ለእኔ አለቀሰች። ስትሞት ያንተ ኩርፊያ የገደላት መሰለኝ። በአርባዋ ሰደቃ ላይ ቆመህ ሰው ሲያጽናናህ ሳይ ደሜ ፈላ። እንዳይቆምብኝ ብላለች አልኩ። ከአፌ ወጣ፣ ሰዉ ሁሉ ሰማ፣ ከዚያ እንዴት ልመልሰው? ሰው ሲጠይቀኝ ሌላም ሌላም ጨመርኩ።"

ረጀብ ተነሳ። ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ነው የተነሳው። ሦስት ዓመት! መቶ ሃምሳ ጁምዓ እግሬን አመመኝ እያለ፣ የሚስቱን መቃብር እንደ ሌባ እየሸሸ። በሩን ይዞ ቆመ። በዕድሜው ሰው እንዲህ ጠልቶ አያውቅም ነበር።

"ረጀብ" አለችው ከኋላው። ድምፅዋ የሀዲጃ ድምፅ አይመስልም። "አውፍ አትበለኝ፣ አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትመጣ ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ? በስሟ ዋሽቻለሁ። የሞተች እህቴን አፍ ነው የወሰድኩት። ለእኔ የማትመጣው ለዚህ ነው። አንተን አውፍ ካለች፣ እኔንስ?"

እዚያ ላይ በቀሉ በእጁ ነበር፣ ምሕረቱም እንደዚያው። "ስምሽንም አላነሳች" ቢላት ዕድሜ ልኳን ይበቃታል። "ሀዲጃን ሰላም በልልኝ ብላለች" ቢላት ደግሞ ሌሊቱን ትተኛለች። ከሁለቱ አንዱን ሊላት ዞረ። ፊቷን ሲያይ ግን በየጠዋቱ መስተዋት ላይ የሚያየው ፊት ሆነበት፤ አንጀቱን በላችው።

"እኔም አላየኋትም" አላት።

ቁጭ ብሎ ሁሉን ነገራት፦ መቀነቱን፣ የዘይኑን መኪና፣ አሥሩን ቀን፣ ለዶክተሯ የዋሸውን። "አውፍ የሚለውን ቃል አፏ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ክሩን አላውቅም። እሷ ትሁን፣ የእኔ ራስ ይሁን፣ ከእንግዲህ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ነገ እንኳ በራሷ ፈቃድ ብትመጣ አላምናትም፤ ገባሽ? በሩን ራሴ አበላሸሁት።"

ሀዲጃ ሰማችው። 

"አንተን አሥር ቀን ፈጀብህ" አለች በመጨረሻ። "እኔን አንድ ቀንም አልፈጀብኝ።"

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ አልሳቁም። ደጅ ላይ ዶሮ ትጭራለች። ኋላ ሀዲጃ ነጠላዋን ከግድግዳው አወረደች። "ተነስ" አለች። "የከለከልኩህ እኔ ነኝ፣ የምወስድህም እኔ ነኝ። ሄደህ ንገራት። እሷን የምናገኛት ቦታ እዚያ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።"

ሚኒባሱ ላይ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጨፋ ማሽላ ታጭዶ አገዳው ቆሟል። ረጀብ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ነገር ነበረው፣ የሚልበትም ቦታ ነበረው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቃላቱን ሲያስተካክል አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አላህን እያወሳ ዚክር የሚያደርግ መሰለው።

የመቃብሩ ቦታ ከከሚሴ ጫፍ ተዳፋቱ ላይ ነው። የደረሱት ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነበር። ሀዲጃ ከአጥሩ ውጭ ቆመች፤ በእነሱ ወግ ሴት ቀብር አትከተልም፣ መቃብርም ውስጥ አትገባም። የእህቷን መቃብር በዓይኗ አይታው አታውቅም። ረጀብ ጫማውን አውልቆ ብቻውን ገባ።

ከታች ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራሯ በስተቀኝ፤ በልቡ የያዘው እንደዚያ ነው። ግራሯ ተቆርጣለች። ረድፍ የሚባል ነገርም የለም። እነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው የተቀበረባቸው ዓመታት ነበሩ፤ በነበረው ክፍተት ሁሉ አዲስ መቃብር ገብቷል፤ ሦስት ክረምት ደግሞ የድሮውን ጉብታ አጥቦ ከመሬት አስተካክሎታል። ራስጌዋ ላይ ድንጋይ አቁሞ ነበር። ሁሉም ራስጌ ላይ ድንጋይ አለ፣ ስም የተጻፈበት አንድም የለም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ጎንበስ ብሎ ያያል። ይቺ ናት ይላል። ቀጥሎ ያለችውንም ይቺ ናት ይላል። በየጁምዓው ቢመጣ ኖሮ ዓይኑን ጨፍኖ እግሩ ያደርሰው ነበር። አሁን በገዛ እጁ አፈር ውስጥ ያስገባትን ሴት አጣት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ተመላለሰና መሃል ላይ ቆመ።

"ረጀብ!" ሀዲጃ ከአጥሩ ማዶ ተጣራች። "አገኘሃት?"

ቀና ብሎ አያት። የአጥሩን እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ አንገቷን አስግጋለች። ዛሬ ጠዋት ዶክተሯ ስለ መልእክት የሰጠችውን አደራ ያስታውሳል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ራሱ "እኔም አላየኋትም" ያለውንም ያስታውሳል።

"አገኘኋት!" አላት።

"በላት! ሀዲጃ አውፍ በይኝ ትላለች በላት!"

ረጀብ እግሩ ሥር ካለው ድንጋይ ጎን ተንበረከከ። ድምፁን እስከ አጥሩ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ የሀዲጃን ልመና ቃል በቃል ተናገረ። ሀዲጃ መዳፎቿን ዘርግታ "አሚን፣ አሚን" ትላለች። ተራው የእሱ ሲሆን መንገድ ላይ ያስተካከላቸው ቃላት ሁሉ ጠፉት፤ ድንጋዩ የሽማግሌ ይሁን የሕፃን አያውቅም፤ ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔንም" አለና ተነሳ።

ሲወጣ ሀዲጃ ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ ጠበቀችው። ስንት ዓመቷን ከትከሻዋ ላይ ያራገፈች ትመስል ነበር። "አልሐምዱሊላህ" አለች። "ከእንግዲህ ከሚሴ ለገበያ በመጣሁ ቁጥር እዚህ ቆሜ ዱዓ አደርግላታለሁ። የቷ እንደሆነች ከዚህ አሳየኝ።"

ረጀብ እጁን ዘረጋና አንዱን ድንጋይ ጠቆማት።